የእኔ ጀርመንኛና የፈይሳ ጥያቄ

ሰሞኑን በቆሎ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ነበር። ወረፋው አይንቀሳቀስም፣ መብራት ሄዶ ይመጣል፣ ባለ ወፍጮው ዋጋ ጨምሯል ብሎ ግድግዳው ላይ በካርቶን ለጥፏል። «ባለፈው ሳምንት ስንት ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «አባባ፣ ያለፈውን ሳምንት እርሱት» አለኝ። እኔን እርሱት ይለኛል! ልቆጣው አፌን ስከፍት ሞተሩ ተነሳና የጋለ ግራሶ ሽታ ከበቆሎ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ቁጣዬን ረሳሁት። ያ ሽታ የባኮ ሽታ ነው፤ የዲተርና የፈይሳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዚያች ልጅ የሌንሳ ጣጣ ሽታ ነው። ዱቄቴን ተቀብዬ ቤቴ እስክገባ ድረስ ብቻዬን ሳጉረመርም ነበር፤ የባጃጁ ሾፌር ስልክ የማወራ መስሎት ሙዚቃውን ቀነሰልኝ።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ባለው አገር ሁሉ ቢፈለግ፣ ከአራተኛ ክፍል በላይ ሳይማር ጀርመንኛ የሚናገር፣ የሚያነብና የሚጽፍ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። የሚመሰክርልኝ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ራሴ ካልተናገርኩ ማን ይናገርልኛል? ዩኒቨርሲቲ ገብተው አራት ዓመት ቆይተው የወጡ ልጆች አንድ ማመልከቻ መጻፍ አቅቷቸው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። አማርኛውን አስተካክላለሁ፣ አፋን ኦሮሞውን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ «እርስዎ የት ነው የተማሩት?» ይሉኛል። «ግምጃ ቤት» ስላቸው የሚስቁት ቀልድ መስሏቸው ነው።

ሌንሳ በሬን ያንኳኳችበት ጊዜ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በዋጋ ከተቆጠረ ግን መቶ ዓመት ይሆነዋል። ያኔ ማኪያቶ በሰባት ብር እየጠጣን ተወደደ ብለን እናማርር ነበር። እንቁላል ሦስት ብር የገባ ቀን ጎረቤታችን ዶሮ አርቢዋን ያላማት አልነበረም። በኪሴ መቶ ብር ይዤ አዲስ አበባ ደርሼ፣ ምሳ በልቼ፣ በመልሱ ደግሞ አምቦ መናኸሪያ ስወርድ ሳንቲም ይተርፈኝ ነበር። ከሁሉቃ ድልድይ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሙዚቃ ሱቆች ተደርድረው ነበር፤ ዛሬ አንዱም የለም፤ ሁሉም የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል። ሰው ከስልኩ ውስጥ ያችን ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ አውጥቶ ይሰጣል፣ ባለ ሱቁ በኮምፒውተሩ ስድሳ ዘፈን ጭኖ ይመልሳል። «ምን ልጫንልዎ?» ይለኛል። «የቆየ የኦሮምኛ፣ የቆየ የአማርኛ፣ ጩኸት የሌለበት» እለዋለሁ። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ግማሹ ጩኸት ነው። ጎረምሶቹ ፀጉራቸውን ከግራና ከቀኝ ተላጭተው መሐሉን እንደ አውራ ዶሮ ያቆሙበት፣ ጂንሳቸውም ከመጥበቡ የተነሳ ሲቀመጡ የሚያሳዝኑበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ደግሞ ያ ሌላው ጊዜ መጣ፤ መንገዱ አንድ ሳምንት ይዘጋል፣ አንድ ሳምንት ይከፈታል፤ ኢንተርኔቱ ሄዶ ይቀራል። ነገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ የማስታውሰው የሙዚቃ ሱቆቹ በሙሉ ድምፃቸውን ቀንሰው መክፈት መጀመራቸውን፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ ማውራት መቅረቱን ነው።

እንግዲህ መንገዱ በተከፈተበት በአንዱ ሳምንት አንዲት ቀጭን ልጅ፣ አጭር የጂንስ ጃኬት የለበሰች፣ ነጭ ሸራ ጫማዋ በጌዶ ጭቃ የቀላ፣ ደጄ ላይ ቆመች።

«ኦቦ ገመቹ እርስዎ ነዎት?»

«ማን ፈለጋቸው?»

«ሌንሳ እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አስተምራለሁ። ጀርመንኛ ያውቃሉ ተብዬ ነው።»

«ተብለሽ ነው? አውቃለሁ እንጂ! ለቪዛ ወረቀት ከሆነ ማኅተም የለኝም።»

«ለጥናት ነው። አንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተቀብሎኛል። ከመሄዴ በፊት እዚህ ሰው ማነጋገር አለብኝ።» ከዚያ የጥናቷን ርዕስ ነገረችኝ። ጀርመናዊነትና ማኅበራዊ ፍትሕ። ጀርመኖች ራሳቸውን ማን ነን ይላሉ፣ ስለ ፍትሕና ስለ እኩልነት የሚያወሩትን ሰው አገር ሲሠሩ እንዴት ኖሩት የሚል ነገር ነው።

«ኢንታላ ኮ» አልኳት፣ ልጄ ማለቴ ነው፣ «ሕግ አለ፣ ጤና አለ፣ ሒሳብ አለ። ሰው የሚጠቅም ነገር ጠፍቶ ነው?»

«እናቴም እንደዚያ ነው የምትለው።»

«ብልህ ሴት ናቸው።»

«ኦቦ ገመቹ፣ እነሱ እኛን ሲያጠኑ ስንት ዓመታቸው ነው? ስለ ቋንቋችን፣ ስለ ከብታችን፣ ስለ ሠርጋችን ጽፈው መደርደሪያ ሞልተዋል። እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ እኛ እናጥናቸው።»

ይህን ስትል ወደድኳት። መውደዴ ግን ከንዴት አላዳነኝም፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ጥናት የእኔ ሥራ ሆነ። ሰው ለማነጋገር የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ። አንዱ ቢሮ «ሰኞ ነይ» ይላታል፣ ሰኞ ስትሄድ ስብሰባ ናቸው። ሌላው ቢሮ ያለው ጎልማሳ ወረቀቷን አንብቦ «ስለ ጀርመን ከሆነ ጀርመን ሄደሽ አታጠኚም?» አላት። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። «አንተ ስለ እርሻ ስትማር እርሻ ውስጥ ነበርክ?» ብዬ ስጠይቀው ደብዳቤው ሌላ ሁለት ሳምንት ዘገየ። ጥፋቱ የእኔ ነው አለችኝ። እኔ ግን ዛሬም ጥያቄዬ ትክክል ነበር እላለሁ።

ሌንሳ የምትፈልገው ሰው የነበረው በእኔ ትዝታ ውስጥ ነው። በአብዮቱ ዘመን ከባኮ ወጣ ብሎ አንድ የእርሻ መሣሪያ ጥገና ጣቢያ ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮው እንኳ የለም። እዚያ ከምሥራቅ ጀርመን የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ፣ እኔም የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነበርኩ። የመለዋወጫ ሣጥኖቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያየሁ፣ ዕቃውን ከስሙ ጋር እያዛመድኩ፣ መጀመሪያ ብሎንና ካቻቪቴ፣ ከዚያ ቁጥር፣ ከዚያ ሰላምታ፣ ከዚያ ሙሉ ንግግር ለቀምኩ። ዲተር የሚባለው መካኒክ በባኮ ሙቀት አፍንጫው ተልጦ ከግምጃ ቤቱ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ስህተቴን ያርምልኝ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ የሚታረም ስላጣ ተወው። ጀርመኖቹ «ሠራተኛ ሁሉ ወንድማማች ነው» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ጽፈው በሩ ላይ ሰቅለው ነበር። ምሳ ሲደርስ ግን እነሱ መረብ በተገጠመለት ቤት ውስጥ፣ እኛ ከዛፍ ሥር ነበርን። ይህ ያኔ ማንንም አልከነከነም፤ ሌንሳ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው የከነከነኝ።

እዚያው ጣቢያ ፈይሳ ነበር፤ የጌዶ ልጅ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽኑን የሚያሠራ። አንድ ቀን ማሽኑ ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ወሰደው። ከሁለት ቀን በኋላ ዲተር ሪፖርት ጻፈ፤ ሠራተኛው ጠጥቶ ነበር፣ ጥፋቱ የራሱ ነው የሚል። ፈይሳ ከሥራ ተሰናበተ። የሪፖርቱ ግልባጭ በቀበሌ በኩል ጌዶ ደርሶ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተነበበ። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ከጌታ እራት ታገደ፤ እንደገና ለመመለስም አንድ እጅ ብቻ ይዞ ምእመኑ ፊት ቆሞ ስለ መጠጣቱ ንስሐ ገባ። ከዚያ በኋላ ሰው ይቅር አለው፤ ያላደረገውን ነገር ይቅር አሉት። «እጁ የጠፋው በመጠጥ ነው» የሚለው ወሬ ግን ከልጆቹ እስከ ልጅ ልጆቹ ወረደ።

ሌንሳ ይህን ከእኔ ከሰማች በኋላ ለዲተር በድሮው አድራሻው ደብዳቤ የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤው ሦስት ገጽ ነበር፣ ልጁ «አባቴ እያለቀሰ አነበበው» ብላ መልሳለች። በጥምቀት ሰሞን ከልጁ ጋር መጣ። የማውቀው ቀይ ጎረምሳ ከዘራ የያዘ፣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ሆኗል። አምቦ ሆቴሉ አትክልት ቦታ ተቀምጠን ሌንሳ መቅረጫዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ጀርመናዊ ነኝ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ተረጎምኩ፤ ያለ አንዲት እንከን ነው የተረጎምኩት።

ዲተር እንዲህ አለ፦ «ስናድግ ንጹሖቹ ጀርመኖች እናንተ ናችሁ ተብለን ነው። ግፉን የሠሩት ከግንቡ ወዲያ ያሉት ናቸው፣ እኛ ሌላ ነን ተባልን። እዚህም የመጣነው ያንን ለማሳየት ነበር። ከዚያ ግንቡ ፈረሰ፣ አገሬም አብራ ፈረሰች። ልጄ ጀርመናዊት ናት። እኔ ምን እንደሆንኩ የሚነግረኝ አላገኘሁም።»

ሌንሳ ብዕሯን ያዘች፣ ለቀቀች፣ መልሳ ያዘች። ማታ ወደ ቤት ስሸኛት «ጥናቴ ይሄ ነው ኦቦ ገመቹ» አለችኝ። «ንጹሕ ነኝ ብሎ ያደገ ሰው ፈይሳ ፊት ሲቀመጥ ምን ይላል? ሁሉም ነገር የሚቆመው በዚያ መልስ ላይ ነው።»

በማግስቱ ጉደርን አልፈን ጌዶ ሄድን። ፈይሳ ቤት ጭኮ ቀርቦ፣ እርጎ ተቀድቶ ጠበቀን። ሌንሳ ኦሮምኛው ቋንቋዋ ነው፣ ጀርመንኛ ግን ያኔ ከሰላምታ አያልፍም። ዲተር ጀርመንኛ ብቻ ነው፤ የዚያን ጊዜ አማርኛው ከነጥርሱ አልቋል። ስለዚህ ድልድዩ እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ልብ በሉ፤ እኔ አስተርጓሚ ብቻ አይደለሁም፣ የአገር ሽማግሌ ነኝ። በእኛ አገር ሽምግልና ሲቀመጡ ከሳሹ በአንድ ዛፍ ሥር፣ ተከሳሹ በሌላ ዛፍ ሥር ይሆናል። በመሐል ቃል የሚያመላልስ ሽማግሌ አለ። «ያ ውሻ» ቢለው፣ ሽማግሌው እዚያ ሲደርስ «ወንድሜ አዝኖብሃል» ይላል። የቃሉን ስለት መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ያንን ማወቅ ነው ሽምግልና። እኔ በዚህ ሥራ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አስታርቄያለሁ፤ ምስጋናም አልጠየቅኩም፣ ቢመጣ ግን አልመልስም ነበር።

ፈይሳ የቀረችውን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ሳያነሳ በኦሮምኛ እንዲህ አለ፦ «ዲተር፣ እኔ መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ያን ቀንም አልጠጣሁም። ለምን ጠጥቷል ብለህ ጻፍክ? እጄን ማሽኑ በላው፤ ስሜን ግን የበላኸው አንተ ነህ።»

እንግዳው የሰው ማዕድ ላይ ተቀምጧል፤ ጭኮው ገና ከአፉ አልወረደም፤ ልጁም ከጎኑ አለች። ወደ ዲተር ዞሬ በጠራ ጀርመንኛ «ፈይሳ እንኳን ደህና መጣህ ይላል። ያለፈው አልፏል፣ አብረን የሠራን ወንድማማቾች ነን ይላል» አልኩት።

ዲተር ፊቱ በራ። ፈገግ ብሎ የፈይሳን ግራ እጅ ያዘ። «እኔም ወንድሜ ነው እላለሁ። ጥሩ ዘመን ነበር፤ በቆሎውም ጥሩ ነበር» አለ። ይህንን ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ የሚጣል ስለት አልነበረበትማ።

ፈይሳ አየኝ። «ለጥያቄዬ የመለሰልኝ ይሄንን ነው?»

«ይሄንን ነው።»

እጁን ከዲተር እጅ ቀስ ብሎ አወጣና «ከብቶቹን ልያቸው» ብሎ ወጣ። እንግዶቹ እስኪሄዱ አልተመለሰም። እኔ ነገሩ በሰላም ተፈጸመ ብዬ ሁለተኛ ጭኮ በላሁ። ጉደር ስንደርስ ሌንሳ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ «ፈገግ አለ እኮ! አዩት ኦቦ ገመቹ? ሰውዬው ስሜን በላኸው ሲለው ስለ በቆሎ አወራለት» አለችኝ። «አርጅቷል፣ ተዪው» አልኳት። ያኔ መናገር ይገባኝ ነበር የሚል አለ። እሺ፣ ይገባኝ ነበር። ግን ሽማግሌ መንገድ ላይ የጣለውን ቃል ተመልሶ ሲለቅም ማን አይቷል?

ሌንሳ ጀርመን ሄደች። አንዳንዴ ኢንተርኔት ሲኖር ትደውላለች፤ ብርዱን ታማርራለች፣ ርዕሴን ሦስት ጊዜ አስቀየሩኝ ትላለች፣ «አፍሪካዊት ሆነሽ ስለ አፍሪካ ለምን አታጠኚም?» የሚላት ሰው እዚያም አላጣችም። ቋንቋውን ግን ያዘችው። እኔ በስድስት ወር የያዝኩትን እሷ ሁለት ዓመት ፈጀባት፤ ትምህርት ቤት ገብታ ስለተማረች ይሆናል። ከዕለታት አንድ ቀን በአፍና አፍንጫ መሸፈኛው ዘመን፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ሰሞን ስልኬ ጮኸ።

«ኦቦ ገመቹ፣ ኦቦ ፈይሳ አልጠጣሁም ሲሉ እርስዎ ምን ብለው ነው የተረጎሙት?» ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«የሚገባውን።»

«እንኳን ደህና መጣህ ይላል ነው ያሉት! ቅጂው ጆሮዬ ላይ ነው! ጥያቄው ተጠይቆ አያውቅም!»

«ሰው ቤት ለገባ እንግዳ ምን እንድለው ፈለግሽ?»

«ያሉትን! ያሉትን ብቻ! አንድ ምዕራፍ ሙሉ ጽፌያለሁ እኮ። ጀርመናዊው ራሱን ንጹሕ አድርጎ ለማየት ሲል የበደለውን ሰው በፈገግታ ረሳ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሰውዬው ምንም አልሰማም! አስተማሪዬ ቅጂውን ሰምቶ ሙሉ ምዕራፉ ይውደቅ አለኝ። ስኮላርሺፑ ሊያበቃ ነው። እኔ ስለ ፍትሕ እጽፋለሁ ብዬ በአንድ ሽማግሌ ላይ በሐሰት መሰከርኩ።»

«ማስታረቅ ነውር ነው እንግዲህ?»

«የታረቀው ማነው ኦቦ ገመቹ? ኦቦ ፈይሳ ናቸው?»

ዘጋችው። ወይም ኔትወርኩ ዘጋው፤ በዚያ ዘመን ሁለቱን መለየት አይቻልም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ተናድጄ ሰነበትኩ። መጀመሪያ በእሷ፣ ከዚያ ሁሉን በሚቀርጸው በዚያ ሰይጣን መቅረጫ፣ ከዚያ ደግሞ የምናደድበት ሰው አጣሁ።

በረራ እንደተከፈተ መጣች። ከስታ ነበር፣ ጃኬቷ ትልቅ ሆኖባታል። ዲተር ከአልጋ አይነሳም፤ በቪዲዮ ይነጋገራሉ ተባለ። ሌንሳም የጌዶ ልጅ ናት፤ ኔትወርክ የሚይዘው ከፈይሳ ቤት አለፍ ብሎ በአባቷ ጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ስለነበር ወንበር ይዘን እዚያ ተቀመጥን። አሁን ጀርመንኛ ታውቃለች፣ እኔ ለምን አስፈለግኩ ብዬ ነበር። እምቢ ያለው ፈይሳ ነው። «ያኔ ያላደረሰው እሱ ነው፤ ዛሬም እሱ ያድርስ» አለ። ሌንሳ ስልኩን ከማብራቷ በፊት ወደ እኔ ዞረች።

«ኦቦ ገመቹ፣ ዛሬ ሽማግሌ አይሁኑ። ቧንቧ ይሁኑ።»

«ምን?»

«ቧንቧ። ከዚህ የገባው በዚያ ይውጣ።»

ደም የተቃቡትን ያስታረቅኩ ሰው፣ በስተርጅና ቧንቧ ሆንኩ! ፈይሳ ሳቀ። ከዚያ ጥያቄውን ደገመው፤ ዓመታት አልፈው አንድ ቃል አልተለወጠችም። እኔም ወደዚያ የዲተር አሮጌ ፊት ጎንበስ ብዬ አንድም ሳልጥል አደረስኩት፤ አልጠጣሁም፣ ለምን ጻፍክ፣ ስሜን የበላኸው አንተ ነህ።

ምስሉ ደርቆ ቀረ። ሌንሳ «ኔትወርኩ ሄደ?» ብላ ስልኩን አነሳች። ቆይቶ የሰውዬው ዓይን ሲርገበገብ አየን። ኔትወርኩ አልሄደም።

«አልጠጣም ነበር» አለ ዲተር። «የማሽኑን መከለያ የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ሥራው ይፍጠን ብዬ። ያንን ብጽፍ ወደ አገሬ ይመልሱኝ ነበር። እኛ እንዲህ የምናደርግ ሰዎች አይደለንም ይባል ስለነበር፣ አላደረግንም ብዬ ጻፍኩ። እዚያ ቤቱ የመጣሁ ጊዜ ይጠይቀኛል ብዬ ስፈራ ነበር። ሳይጠይቀኝ ወንድሜ ሲለኝ ዳንኩ አልኩ።» ተረጎምኩ። ፈይሳ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም። ከዚያ ዲተር ቀጠለ፦ «ገመቹም ያውቅ ነበር። ወረቀቱን ወደ አማርኛ የመለሰው እሱ ነው።»

ሌንሳ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ቀረች፤ ወደ እኔ አላየችም። መስማቷን ግን አውቃለሁ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ያ ሪፖርት በሕይወቴ ከጀርመንኛ የተረጎምኩት የመጀመሪያው ሙሉ ገጽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በፋኖስ ሠርቼ፣ አንዲት ስህተት ሳይገኝበት ነው ያስረከብኩት። ለዓመታት ስኮራበት ኖሬያለሁ። ፈይሳ እንደማይጠጣ አውቅ ነበር? ጣቢያው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሦስት ልጆች ነበሩኝ፣ ግምጃ ቤቱን ያገኘሁት በስንት መከራ ነው። ተጠያቂው የጻፈው ነው እንጂ የተረጎመው አይደለም ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። አሁን ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጬ፣ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር «ሰላም ይላል» ብዬ ላልፋት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ሐሰቱን ሳልሸራርፍ አድርሼ፣ እውነቱን ግን ሸራርፌው የኖርኩ ሰው መሆኔ የታየኝ ያኔ ነው። በጣም አናደደኝ።

«ገመቹም ያውቅ ነበር ይላል» አልኩት ፈይሳን። «አማርኛውን የጻፈው እሱ ነው ይላል።»

ፈይሳ ከስልኩ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ «ያ አማርኛ ያንተ ነበር?» አለኝ።

«የእኔ ነበር።»

«ጥሩ አማርኛ ነበር» አለ። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነበብ ሰው ሁሉ ጽሑፉን አደነቀ።»

በሕይወቴ ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያቃጠለኝ የለም።

ፈይሳ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዲተር የተናገረውን በወረቀት ጽፎ ይፈርም፤ ያኔ ሐሰቱ በተነበበበት ቦታ እውነቱ ይነበብ፤ የሚያነበውም ገመቹ ይሁን። ዲተር ቃሉን እየተናገረ ልጁ ጻፈችለት፤ ፊርማው የተንቀጠቀጠ ደብዳቤ በወሩ ደረሰ። ሌንሳ ያንን ምዕራፍ ጥላ እንደ አዲስ ጻፈች፤ አንድ ዓመት ተጨማሪ ፈጀባት፣ ስኮላርሺፑ ስላበቃ ማታ ማታ ሆቴል ሳህን እያጠበች ነው የጨረሰችው። ዛሬ ዶክተር ሌንሳ ናት። መጽሐፉን ልካልኛለች፤ ለጀርመንኛዬ ምስጋና ግማሽ መስመር፣ ስለ ጥፋቴ ደግሞ አራት ገጽ አለው። ደውዬ ነገርኳት። «አራቱም ገጽ እውነት ነው አይደል?» አለችኝ። እውነት ነው። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

የዲተርን ደብዳቤ ጌዶ ቤተ ክርስቲያን ያነበብኩባት እሑድ የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለች፣ ግን እሷ ያልጻፈችውን እኔ ልንገራችሁ። ሌንሳ ከአባቷ አጠገብ መቅረጫዋን ይዛ ተቀምጣለች። ያኔ ሐሰቱን የሰሙት አብዛኞቹ አፈር ናቸው፤ የቀሩት ሦስት አራት ሽማግሌዎች ናቸው፣ የአንዳቸውም ጆሮ አይሰማም። ወጣቶቹ ግማሾቹ ስልካቸው ላይ ናቸው። ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቼ ለማን ነው የማነበው ብዬ ተበሳጨሁ። ፈይሳ ግን ከፊት ወንበር፣ ኮቱን ቆልፎ፣ የኮቱን የቀኝ እጅጌ ባዶ ጫፍ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል። ከጎኑ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ አሉ። ወደ ኦሮምኛ የመለስኩትን አነበብኩ፤ አልጠጣም ነበር፣ መከለያውን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ገመቹም ያውቅ ነበር። ጨርሼ ወረቀቱን አጠፍኩና ልወርድ ስል ፈይሳ ከወንበሩ ሳይነሳ ተናገረ፤

«ስምህ ጋ ስትደርስ ድምፅህ ወረደ። ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«ሰምተዋል።»

«አልሰሙም» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

ወረቀቱን ዘረጋሁት። መነጽሬን አስተካክዬ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።